በኢጣልያ ገጠር የወይን ጠጅ ቅምሻ ጉዞ እንዴት እንደሚሰናዳ

ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

«ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ» እንዲሉ፣ ይህን ትምህርት የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ባገኘሁት ምሳሌ ነው።

እኔ በአዲስ አበባ ከተማ የአንድ አስመጪ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ በኢጣልያ የቶስካናን ገጠር በመኪና እየዞሩ፣ በየመጥመቂያው የወይን ጠጅ ቀምሰው፣ ለመደብራቸው የሚስማማውን መርጠው ለመመለስ አሰቡ። መርሐ ግብሩን የማሰናዳቱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ካርታ ዘርግቼ ብመለከት መንደሮቹ እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ ሆነው ታዩኝ፤ ስለዚህ በቀን አምስት፣ በሦስት ቀን ዐሥራ አምስት መጥመቂያ እንዲጎበኙ አድርጌ ጻፍኩ። አሠሪዬም ሄደው ተመለሱ። በመንገዱ ደክመው፣ ከቀጠሮው ግማሽ ያህሉ አልፏቸው ነበር። በኪሳቸው በያዙት ትንሽ ደብተር ላይም «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «የሞንቴፑልቻኖው ቀይ ከሁሉ የበለጠ» ከሚሉ ቃላት በቀር የተጻፈ አልነበረም።

እኔም በዚያ ደብተር ተመርቼ ለአንድ ላኪ ድርጅት «የሞንቴፑልቻኖ ቀይ ወይን ጠጅ» ብዬ የትዕዛዝ ደብዳቤ ጻፍኩ። የተመለሰልን ዋጋ ከጠበቅነው ዝቅ ያለ ስለ ነበረ ደስ አለን እንጂ ምክንያቱን አልጠየቅንም። ዕቃው ገብቶ የመጀመሪያው ሣጥን ሲከፈት፣ አሠሪዬ አንድ ጊዜ ቀምሰው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይህ እኔ የቀመስኩት አይደለም» አሉ። ሻጩ አልበደለንም፤ በወረቀት የጠየቅነውን ልኮልናል። ጥፋቱ በእኔ ደብዳቤና በዚያ ደብተር ነበረ። አሠሪዬ ግን ያን ወይን ጠጅ አስቀድመው አመስግነው ለአንድ ትልቅ ደንበኛቸው ቃል ገብተውለት ነበርና፣ ከገንዘቡ ጉዳት ይልቅ የቃላቸው መታጠፍ አሳፈራቸው።

ከዚህ የተማርኩት ቁም ነገር አንድ ነው። የቅምሻ ጉዞ የሚሰናዳው ምላስ ያወቀው ነገር ሳይጠፋና ሳይለወጥ ወረቀት ላይ እንዲደርስ ነው። ከዚህ በታች በተራ የተጻፈው ዝግጅት ሁሉ ለዚሁ ዓላማ የሚያገለግል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎች እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

1ኛ. ስምን ለይቶ ማወቅ

ኢጣልያ በ20 ክፍላተ ሀገር የተከፈለች ስትሆን ወይን የማይመረትበት ክፍል የለም። ሁሉን በአንድ ጉዞ አያለሁ የሚል አንዱንም ሳያይ ይመለሳል። ለጀማሪ ነጋዴ ቶስካና የምትመረጥበት ምክንያት፣ በአጭር መንገድ ላይ ሦስት ስመ ጥር የወይን ጠጅ ዓይነቶች ስለሚገኙና ሦስቱም በዋናነት ከአንድ የወይን ዘር፣ ሳንጆቬዜ ከሚባለው፣ ስለሚጠመቁ ነው። ዘሩ አንድ ሲሆን፣ ልዩነቱን ያመጣው አፈሩ፣ የቦታው ከፍታና የቆይታው ዘመን መሆኑን ምላስ በቀላሉ ይማራል።

የመጀመሪያው ኪያንቲ ክላሲኮ ነው። አገሩ በፊሬንዜና በሲዬና ከተሞች መካከል ያለው ኰረብታማ ስፍራ ነው። የቶስካና ታላቅ መስፍን ኮዚሞ ሦስተኛ በ1716 ዓ.ም. ባወጣው ዐዋጅ የኪያንቲን ወሰን ለይቶ ነበር። ዛሬ በደንቡ መሠረት ከ100 እጅ ቢያንስ 80ው ሳንጆቬዜ መሆን አለበት፤ ጠርሙሱም በጥቁር አውራ ዶሮ ምልክት ይታወቃል። ሁለተኛው የሞንታልቺኖው ብሩኔሎ ሲሆን፣ ይህ ሌላ ዘር ሳይቀላቀልበት ከሳንጆቬዜ ብቻ የሚጠመቅ ነው። ሦስተኛው የሞንቴፑልቻኖ ከተማ ቪኖ ኖቢሌ ነው፤ ይህም ቢያንስ 70 እጅ ሳንጆቬዜ አለበት።

እኛን የጣለን ወጥመድ በዚህ በሦስተኛው ስም ላይ ነው። ሞንቴፑልቻኖ በቶስካና የከተማ ስም ነው፤ ነገር ግን ሞንቴፑልቻኖ የሚባል ራሱን የቻለ የወይን ዘርም አለ። ከዚህ ዘር የሚጠመቀው ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩዞ የሚመጣው ከአብሩዞ፣ ማለት በአድርያቲክ ባሕር በኩል ካለው ክፍለ ሀገር ነው። ሁለቱም የተከበሩ መጠጦች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ዘራቸውም፣ አገራቸውም፣ ዋጋቸውም ይለያያል። «ሞንቴፑልቻኖ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ምን እንደሚደርሰው አያውቅም።

የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው። የኢጣልያ መንግሥት በጁላይ 12 ቀን 1963 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 930 «ዲ.ኦ.ቺ.» የተባለውን፣ የወይን ጠጅ የትውልድ ስፍራ የሚረጋገጥበትን ሥርዓት አቋቋመ። ከዚህ ከፍ ያለው «ዲ.ኦ.ቺ.ጂ.» የተባለው ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1980 ዓ.ም. ነው። በዚህ ደረጃ ባለ ጠርሙስ አንገት ላይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል። እንዲሁም «ኢምቦቲሊያቶ አሎሪጂኔ» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ወይን ጠጁ በአምራቹ ዘንድ የታሸገ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. በኢጣልያ ሜታኖል የተባለ መርዛማ አልኮል በተጨመረበት ርካሽ ወይን ጠጅ ምክንያት ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። አምራቹን ያላወቀ ነጋዴ የሚሸጠውን አያውቅም።

2ኛ. ወራቱን መምረጥ

የጉዞ ወር ሲመረጥ ሁለት ጊዜያት ይጠበቃሉ። አንደኛው የወይን ለቀማ ነው፤ በቶስካና ይህ በአብዛኛው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር መጀመሪያ ይውላል። በዚያን ጊዜ ገጠሩ እጅግ ያማረ ቢሆንም፣ ባለ መጥመቂያው ከሠራተኞቹ ጋር ሌት ተቀን ሥራ ላይ ስለሆነ ከነጋዴ ጋር ተቀምጦ ለመነጋገር ጊዜ የለውም። ሁለተኛው ኦገስት ነው። ኦገስት 15 ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 9፣ ፌራጎስቶ የሚባለው ታላቅ በዓላቸው ስለሆነ በዚያ ሰሞን ብዙ ቢሮዎች ይዘጋሉ። ይህ ወቅት የእኛም የፍልሰታ ጾም ነውና፣ ለሚጾም መንገደኛ በሁለት ወገን የማይመች ነው።

ስለዚህ ግንቦት ወይም የኖቬምበር መጀመሪያ ይመረጣል። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በቬሮና ከተማ የቆየው ቪኒታሊ የተባለው የወይን ጠጅ ትርኢት በኤፕሪል የሚደረግ ስለሆነ፣ ጉዞውን ከእርሱ ጋር ማያያዝ ለሚፈልግም ሚያዝያ ይስማማዋል።

ለቪዛ ማመልከቻ የሚቀርበው ከጉዞው ቀን ከስድስት ወር ባልራቀና ከ15 ቀን ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይደርስበታል።

3ኛ. መንገዱንና የቀኑን ልክ መወሰን

የኪያንቲ መንገድ በካርታ ላይ አጭር ነው፤ በመኪና ግን ጠመዝማዛ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። ወደ ብዙዎቹ እርሻዎች የሚያስገባው ደግሞ «ስትራዴ ቢያንኬ» የሚባለው ነጭ የኰረት መንገድ ነው። ስለዚህ ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት መቁጠር ያስፈልጋል።

በቀን ከሁለት መጥመቂያ በላይ አይያዝ፤ አንዱ ጠዋት በ4 ሰዓት፣ ሌላው ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ይሁን። የዚህን ምክንያት በሒሳብ እናስረዳ። በአንድ መጥመቂያ ስድስት ዓይነት ቢቀርብና ለእያንዳንዱ 40 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሁለት መጥመቂያ 480፣ በአምስት መጥመቂያ 1,200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ፣ የእኔ የመጀመሪያ መርሐ ግብር አሠሪዬን በቀን ከአንድ ጠርሙስ ተኩል በላይ ያስጠጣ ነበር። በዚህ ሁኔታ «በጣም ጥሩ» ብለው ቢጽፉ ምን ያስደንቃል?

በሁለተኛው ጉዞ የተከተልነው መንገድ የሚከተለው ነው።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከሮማ በፈጣን ባቡር ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፊሬንዜ መግባትና ማረፍ። በዚህ ቀን ቅምሻ የለም።

ሁለተኛው ቀን፤ መኪናውን ከከተማው መካከል ውጭ ተረክቦ ቁጥር 222 በሆነው፣ «ኪያንቲጃና» በሚባለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ግሬቬ መድረስ፤ ጠዋት በግሬቬ፣ ከቀትር በኋላ በፓንዛኖ መቅመስ።

ሦስተኛው ቀን፤ ጠዋት በራዳ፣ ከቀትር በኋላ በጋዮሌ ቀምሶ ሲዬና ማደር።

አራተኛው ቀን፤ ከሲዬና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዞ በሞንታልቺኖ ሁለት መጥመቂያ መጎብኘት።

አምስተኛው ቀን፤ በፒዬንዛ በኩል አድርጎ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሞንቴፑልቻኖ መግባት። እዚያ ያሉት አሮጌ ጓዳዎች ከከተማው ቤቶች ሥር ከድንጋይ ተፈልፍለው የተሠሩ ናቸውና ለማየትም ደስ ያሰኛሉ። በዚህ ቀን አንድ መጥመቂያ ብቻ ይበቃል።

ስድስተኛው ቀን፤ መዝገብ ማስተካከያ ነው። ከዚያ ወደ ሮማ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል።

ማደሪያ በሚመረጥበት ጊዜ «አግሪቱሪዝሞ» የሚባለውን፣ ገበሬው በእርሻው ላይ እንግዳ የሚያሳድርበትን ቤት መፈለግ ይጠቅማል። በማታው ገበታ ላይ ከባለቤቱ የሚሰማው ወሬ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በረዶውና ስለ ዘንድሮው ፍሬ ብዙ ያስተምራል።

4ኛ. አስቀድሞ መጻፍ

ከጉዞው አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ለየመጥመቂያው ደብዳቤ ይጻፍ። በደብዳቤው ውስጥ የነጋዴው ማንነት፣ የተጓዦች ቁጥር፣ የሚመጡበት ቀንና ሰዓት፣ የሚናገሩት ቋንቋ፣ መቅመስ የሚፈልጉትም ዓይነት በግልጽ ይጠቀስ። ሦስት ጥያቄዎችም ይጨመሩ፤ ለቅምሻው ክፍያ አለ ወይ? ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚሸጡት ዝቅተኛ ብዛት ስንት ነው? በኢትዮጵያ ብቸኛ ወኪል አላችሁ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ እጅግ ተፈላጊ ነው። ሰው አገር ድረስ ሄዶ፣ ቀምሶና ወዶ፣ ሸቀጡ አስቀድሞ ለሌላ ነጋዴ የተሰጠ ሆኖ ማግኘት ከባድ ኪሳራ ነው።

5ኛ. መሪውን የሚይዝ ሰው

የሚነዳ ሰው አይቀምስ። በኢጣልያ ሕግ ለማንኛውም ነጂ የተፈቀደው ልክ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጡ ሦስት ዓመት ላልሞላቸውና መንዳት ሙያቸው ለሆነ ሰዎች ግን ምንም አይፈቀድም። ከሁለቱ ተጓዦች አንዱ ጸሐፊና ነጂ፣ ሌላው ቀማሽ ቢሆን ሥራውም ይከፋፈላል። በሁለተኛው ጉዞ እኔ የነዳሁትና የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። ብቻውን የሚሄድ ነጋዴ ነጂ ይቅጠር።

ከእኛ መንጃ ፈቃድ ጋር ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ወይም የተረጋገጠ ትርጕም መያዝ ግዴታ ነው። በፊሬንዜና በሲዬና መካከል ከተማ ያለ ፈቃድ መኪና ማስገባት የተከለከለበት፣ በካሜራም የሚጠበቅ ወሰን አለ። መቀጫው በመኪና አከራዩ በኩል ተከትሎ አገር ድረስ ይመጣልና መኪናን ከወሰኑ ውጭ አቁሞ በእግር መግባት ይሻላል።

6ኛ. የአቀማመስ ሥርዓት

በቅምሻው ቀን ሽቱ አይቀቡ፤ ከቅምሻው ጥቂት አስቀድሞም ቡና አይጠጡ። ነጭ ከቀይ በፊት፣ አዲስ ከአሮጌ በፊት፣ ጣፋጭ መጨረሻ ይቀመሳል። በመጀመሪያ መልኩን በነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሎ መመልከት፤ ቀጥሎ ማሽተት፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ማዟዟር ነው። ሳንጆቬዜ እንደ ሎሚ ምራቅ የሚያመጣ፣ እንደ ወፍራም ሻይም ድድን ጠበቅ የሚያደርግ ባሕርይ አለው። ሽታው የረጠበ ካርቶን የሚመስል ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል ማለት ነውና፣ ሌላ ጠርሙስ እንዲከፈት በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቀጥሎም መትፋት ነው። በእኛ ባህል ሰው በሰጠን መጠጥ ፊት መትፋት ብልግና ስለሆነ፣ አሠሪዬ በመጀመሪያው ጉዞ ባለቤቱን ላለማስቀየም ሁሉንም ይውጡ ነበር። በዚያ አገር ግን ለመትፊያ የሚሆን ዕቃ ከብርጭቆው ጋር ይቀርባል፤ የሚተፋ ነጋዴ ሥራውን የሚያውቅ ነጋዴ ተብሎ ይከበራል። በየመካከሉ ውኃና የቶስካና ዳቦ ይወሰዳል። የአገሩ ዳቦ ጨው የሌለው ስለሆነ ምላስን ለማጥራት እጅግ ይመቻል።

7ኛ. መዝገቡ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለነጋዴ በተለይ እውነት ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ገጽ ይመደብ፤ በገጹም ላይ የሚከተሉት ይጻፉ፦

ሀ/ ቀን፣ ቦታና የአምራቹ ሙሉ ስም፤
ለ/ በጠርሙሱ ላይ ያለው ስም፣ ፊደል በፊደል፣ ሳያሳጥሩ፤
ሐ/ የለቀማው ዓመት፣ የወይኑ ዘርና የአልኮሉ ልክ፤
መ/ ከመጥመቂያው በር የሚሰጠው የጠርሙስ ዋጋና ዝቅተኛው ብዛት፤
ሠ/ መልክ፣ ሽታና ጣዕም፣ በራስ ቃላት፤
ረ/ ፍርድ፤ «ይታዘዝ»፣ «አይታዘዝ» ወይም «እንደገና ይቀመስ»።

«ጥሩ» የሚለው ቃል በመዝገቡ ውስጥ አይገባም። የጠርሙሱ ጽሑፍ ከፊትና ከኋላ ፎቶግራፍ ይነሣ። ማታ ማታ ከመኝታ በፊት የቀኑ ገጾች ተነበው፣ ያልተሟላው ይሟላ።

8ኛ. ከቅምሻ እስከ ትዕዛዝ

በጓዳው ውስጥ ትዕዛዝ አይሰጥ። ቦታው ያማረ፣ ባለቤቱ ደግ፣ ሰዓቱም ምሽት ከሆነ ሁሉም ይጣፍጣል። ከየዓይነቱ ናሙና ተይዞ ወደ አገር ቤት ይመለስ። ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ እንዲገባ ስለማይፈቀድ፣ ናሙናው በትልቁ ሻንጣ በልብስ ተጠቅልሎ ይሂድ። ከዚያ በኋላ ጠርሙሶቹ በወረቀት ተሸፍነው፣ ዋጋውንና ስሙን ለማያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይቀመሱ።

ዋጋም ሲመረመር ምክንያቱ ይታወቅ። ብሩኔሎ ለገበያ የሚወጣው ከለቀማው ዓመት በኋላ ባለው አምስተኛ ዓመት፣ በጃንዋሪ 1 ቀን ነው፤ ለምሳሌ የ2019 ፍሬ የተሸጠው ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ነው። ባለ መጥመቂያው ገንዘቡን ያን ያህል ዘመን በበርሜልና በጠርሙስ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ዋጋው የሚወደደው አንዱም በዚህ ነው። ይህን ዋጋ የማይችል ደንበኛ ያለው ባለሱቅ፣ ከዚያው አገር ቶሎ የሚወጣውን ሮሶ ዲ ሞንታልቺኖ ይጠይቅ።

ከመጥመቂያው በር የተሰጠው ዋጋ የመደብር ዋጋ እንዳልሆነ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል፤ የመርከብ ኪራዩ፣ ዋስትናው፣ ቀረጡና ኤክሳይዝ ታክሱ አስቀድሞ ተጠይቆ ይታሰብ። ወይን ጠጅ ሙቀት እንደሚያበላሸውም አይዘንጋ። ዕቃው በቀይ ባሕር በኩል አልፎ ጂቡቲ ላይ የሚቆይ ስለሆነ፣ በክረምታችን ወራት ባይጫን ይመረጣል፤ የግድ ከሆነም ማቀዝቀዣ ባለው ኮንቴይነር ይሁን። በትዕዛዙ ደብዳቤና ባንክ በሚከፍተው ሰነድ ላይ ስሙ ከመዝገቡ ፊደል በፊደል ይገልበጥ።

መደምደሚያ

በሁለተኛው ጉዞ ሰባት መጥመቂያ ብቻ ጎበኘን። በሞንቴፑልቻኖ በመጨረሻው ምሽት አሠሪዬ መዝገቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበቡኝና «አሁን ሁሉም አፌ ላይ አሉ» አሉ። አዲስ አበባ ተመልሰን ጠርሙሶቹን በወረቀት ሸፍነን በቀመስን ጊዜ፣ በጉዞው ላይ አንደኛ ያሉት ሦስተኛ ወጣ፤ እሳቸውም ሳይከራከሩ በመዝገቡና በምላሳቸው ፈረዱ። ዕቃው ገብቶ የመጀመሪያው ሣጥን ሲከፈት እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ቀመሱ፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጡትም፤ ወደ እኔ አቀበሉኝ።

ያ ቀድሞ ያፈርንበት ደንበኛም አንድ ሣጥን ወስዶ፣ ስላለፈው ነገር አንድም ቃል ሳይናገር፣ በወሩ ሁለተኛ ትዕዛዝ ላከ። ይህን ጉዞ የሚያስቡ ነጋዴዎች ሁሉ፣ ቦታ ቀንሰው መዝገብ ቢያበዙ፣ ለቤታቸው ዕውቀት፣ ለደንበኛቸውም የታመነ ዕቃ ይዘው እንደሚመለሱ አልጠራጠርም።